ዳኛው መዋዕለ ሕፃናት ገባ

የሰፈሩ ሰው በስሙ ጠርቶት አያውቅም። ትልቁም ትንሹም «ዳኛው» ነው የሚለው። ዕድሜውን ሙሉ የኳስ ዳኛ ነበር። በቴሌቪዥን ከሚታዩት ዳኞች መሐል አይደለም፤ የዳቦ ቤት ሠራተኞች ከጎሚስታ ሠራተኞች ሲጋጠሙ፣ ሣሩ አልቆ አቧራው በቀረበት ሜዳ ላይ መሐል ቆሞ ፊሽካ የሚነፋ ዳኛ ነበር። በዚያ ሜዳ ላይ ተሰድቧል፣ ብርቱካን ተወርውሮበታል፤ አንዴማ የተሸናፊው ቡድን አሠልጣኝ ሚስት በጃንጥላ አባርራዋለች። ውሳኔውን ግን ቀይሮ አያውቅም። ተጫዋች እጁን ዘርግቶ «ለምን?» ብሎ ሲጠይቀው መልሱ አንድ ነበር።

«ዳኛ ይፈርዳል እንጂ አያስረዳም።»

ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ግን ሐኪሙ ፈረደበት፤ እሱም አላስረዳም። «ሩጫ በቃህ» ብቻ አለው።

ዳኛው ቤት ዋለ። ችግሩም ከዚያ ጀመረ። ሚስቱ ቤት ውስጥ የምትሠራ ልብስ ሰፊ ናት። ሳሎኑ ጥግ ካለው መኪናዋ ጋር ተስማምታ፣ ሬዲዮዋን ዝቅ አድርጋ ከፍታ፣ ስንት ዓመት በሰላም ኖራለች። አሁን ግን ባሏ ከኋላዋ ቆሞ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን አስግጎ ይመለከታታል።

«ይሄኛው ከመስመር ወጥቷል» ይላታል ስፌቱን እያሳየ።

«መቀሱን አይተኸዋል?» ትለዋለች ቀና ሳትል።

«መቀሱ ምን አገባው?»

«እንግዲህ ያገባው እንደሆነ ታያለህ።»

ከእሷ ሲባረር መስኮት ላይ ይቆማል። ከመንገዱ ማዶ መኪና አጣምሞ ያቆመ ሰው ካለ ያፏጭበታል። የጎረቤት ልብስ ከገመዱ አልፎ ወደ እነሱ አጥር ከተንጠለጠለ «ከጨዋታ ውጪ!» ብሎ ይጮኻል። አንድ ቀን የላይኛዋ ጎረቤት ልብስ ልታሰፋ መጥታ፣ ተራ የያዘች ሌላ ደንበኛን ቀድማ ልትገባ ስትል፣ ዳኛው ከሸሚዝ ኪሱ ቢጫ ካርድ አውጥቶ ፊቷ ላይ አነሣባት። ሴትየዋ ጨርቋን ሰብስባ ሄደች፤ ተመልሳም አልመጣች። ሚስቱ ያን ቀን መኪናዋን አቁማ ስልክ አነሣችና ልጃቸው ጋ ደወለች።

«እናቴ፣ ምን ሆነሻል?» አለች ልጅቱ።

«ምንም አልሆንኩም። አባትሽን ግን ከዚህ ቤት ካላወጣሽልኝ አንዳችን አንድ ነገር እንሆናለን።»

ልጃቸው የአንድ አነስተኛ መዋዕለ ሕፃናት ርዕሰ መምህርት ናት። አጋጣሚ ሆኖ በጨዋታ ሰዓት ልጆቹን ግቢ ውስጥ የምትጠብቀው ሴት ባሏን ተከትላ ሌላ ከተማ ሄዳ ነበር። ርዕሰ መምህርቷ ሰው ፍለጋ ላይ ነበረች። አባቷን መቅጠር ሐሳቧ አልነበረም፤ ነገር ግን እናት እናት ናት።

«ሥራው ቀላል ነው አባዬ» አለችው። «ልጆቹ እንዳይጎዱ ማየት ብቻ ነው።»

«ጎሚስታዎቹን ብቻዬን ያጫወትኩ ሰው» አለ ዳኛው፣ «ንፍጣቸውን የማይጠርጉ ልጆች ያቅቱኛል?»

ልጁ ከንፈሯን ነክሳ የግቢውን ቁልፍ ሰጠችው።

በማግሥቱ ጠዋት ዳኛው የዳኝነት ልብሱን ተኩሶ፣ ጥቁሩን ካልሲ እስከ ጉልበቱ ስቦ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ግቢው ውስጥ ተገኘ። ግቢው ሰፊ አይደለም። አንድ ሸርተቴ አለ፣ ሁለት መቀመጫ ያለው ዥዋዥዌ፣ በጣውላ የታጠረ የአሸዋ መጫወቻ፣ ለልጆች ቁመት ዝቅ ተደርጎ የተተከለ ቧንቧ፣ የቀረው ባዶ መሬት። ልጆቹን በመስመር አቆማቸው። መስመር ሲባል እንግዲህ፣ ዶሮ ጥሬ ሲበተንላት የምትሠራው ዓይነት መስመር ነው። ፊት ለፊታቸው እየተንጎራደደ ድምፁን ወፍራም አደረገ።

«ስሙ! ሸርተቴ ላይ በደረጃው ይወጣል፣ በመንሸራተቻው ይወረዳል። ዥዋዥዌ ፊት አይቆምም። አሸዋ አይበተንም። ሳይታጠቡ መብላት የለም። መገፋፋት የለም። አለቀ!»

ከመሐል አንዲት እጅ ተነሣች። ባለ ሁለት ቁጥርጥር ሹሩባ፣ አንድ ካልሲዋ የወረደ፣ ዐይኗ የማይርገበገብ ልጅ ናት።

«ለምን?» አለች።

«ምኑ ነው ለምኑ?»

«ሁሉም።»

«ሕግ ነዋ!»

«ሕግ ማን ነው?»

«ሕግ ሰው አይደለም።»

«አስተማሪ ነው?»

«አይደለም አልኩሽ! ሕግ... ሕግ ነው። ሕግ ከተጣሰ ዝም አይልም!»

ልጅቱ አሰበች። «ሰው አይደለም አላልክም እንዴ? ታዲያ በምኑ ይናገራል?»

ዳኛው በዚያ ሁሉ የዳኝነት ዘመኑ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሜዳ ላይ ገጥሞት አያውቅም። ቸገረው። ሰው ሲቸግረው የለመደውን ነው የሚያደርገውና ፊሽካውን ነፋ። ገሚሶቹ ልጆች ጆሯቸውን ይዘው አለቀሱ። አንዱ ትንሽዬ ልጅ ሱሪው ላይ ሸና። ዱባ የመሰለ ጉንጭ ያለው አንድ ድቡልቡል ልጅ ብቻ እጁን እያጨበጨበ «ድገመው! ድገመው!» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳኛው ልጅቱን በሆዱ «እሜቴ ለምን» አላት፤ ልጁን ደግሞ «ድቡልቡል»። ልጆቹም እሱን «ጋሼ ፊሽካ» አሉት። ዕዳው ተመጣጠነ።

ቀጥሎ የመጣው ጉድ የካርዱ ነው። ዳኛው ሕግ ላፈረሰ ልጅ ቢጫ ካርድ ማሳየት ጀመረ። መጀመሪያ ያየው አሸዋ የበተነው ድቡልቡል ነበር። ካርዱ ፊቱ ላይ ሲነሣ አፉ ተከፈተ፤ እጁን ዘርግቶ ከዳኛው ጣት መሐል ላጥ አድርጎ ወሰደውና «ቢጫ አገኘሁ!» እያለ ግቢውን ዞረ። አፍታ ሳይቆይ ዳኛው ፊት ሰልፍ ተሠራ። ያን ጊዜ የተሠራው እንኳ ትክክለኛ መስመር ነበር።

«ጋሼ ፊሽካ፣ እኔ ገፍቼዋለሁ፤ ስጠኝ።»

«እኔም ገፍቻታለሁ።»

«እሱ አልገፋኝም! እኔ ነኝ ቀድሜ የገፋሁት!»

«ቀዩን ለማግኘት ምን ማድረግ አለብኝ?» አለች እሜቴ ለምን። ሌላው ሁሉ ቢጫ ሲለምን እሷ ቀዩ ኪስ ውስጥ እንዳለ ዐይታለች።

«ቀይ ያገኘ ሰው ከሜዳ ይወጣል!» አለ ዳኛው ላቡን እየጠረገ።

«ወጥቶስ የት ይሄዳል?»

«ውጪ ይቀመጣል... ከርዕሰ መምህርቷ ጋር።»

ርዕሰ መምህርቷ ክፍል ውስጥ ለስላሳ ወንበርና ከረሜላ የሞላ ጣሳ እንዳለ የማያውቅ ልጅ በዚያ ግቢ አልነበረም። ዳኛው ይህን አያውቅም። ከቀትር በፊት የሴት ልጁ ክፍል ቀይ ካርድ ባዩ ልጆች ጢም ብሎ ሞላ። ርዕሰ መምህርቷ ጣሳውን ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣችና አባቷን ለብቻው ጠራችው።

«አባዬ፣ ካርዱን ቤት ተወው፤ ከነገ ጀምሮ እንዳላየው።»

«ያለ ካርድ እንዴት ይከበራል?»

«ለምን እንደሆነ ካወቁት ይከበራል። ንገራቸው እንጂ።»

«እኔ አዋቂ ተጫዋቾችን እንኳ ለምን እንደሆነ ነግሬያቸው አላውቅም።»

«አዎ» አለች ልጁ። «አዋቂዎቹም እናታቸው ሳይቀር በጃንጥላ ያባርሩህ ነበር።»

«እናት አልነበረችም፣ የአሠልጣኙ ሚስት ነበረች» አለ ዳኛው። ክርክሩን ግን አልገፋበትም።

በሳምንቱ ደግሞ ነገሩ ከሳቅ አለፈ። ድቡልቡል በሆዱ ተኝቶ፣ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ሸርተቴውን ሲወርድ፣ እሜቴ ለምን በመንሸራተቻው በኩል በአራት እግሯ ወደ ላይ እየወጣች ነበር። ዳኛው ቧንቧው ጋ ሆኖ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ጮኸ፤ በሕግ አምላክ ሲባል መቆም እንዳለበት ግን ለሸርተቴው የነገረው አልነበረም። ግንባሯ ከአፉ ጋር ተገናኘ። ኳ! ሲል ግቢው ሁሉ ሰማ።

ዳኛው ያን የታመመ ጉልበቱን ረስቶ ሮጠ። የድቡልቡል አፍ ደም በደም ሆኗል። ዳኛው መሐረቡን አውጥቶ አፉ ላይ ያዘለት። ኋላ ሲታጠብ ነው የታወቀው፤ ከፊት ያለችው የወተት ጥርሱ ድሮም ስትወዛወዝ ከርማ ነበርና ወልቃለች፣ ሌላ ጉዳት የለበትም። የጥርሷ ባለቤት እንደሆነ በኩራት ሰክሯል፤ «ጥርሴ ወለቀ! ጥርሴ ወለቀ!» እያለ ለየአንዳንዱ ልጅ ድዱን ያሳያል። ጥርሷ ግን አሸዋው ውስጥ ጠፋች። ሁሉም ልጆች ተንበርክከው አሸዋ ይቆፍሩ ጀመር፤ አሸዋ አይበተንም የሚለው ሕግም በዚያው ተቀበረ።

የድቡልቡል እናት ስትመጣ አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለው ነበር። የልጇን አፍ ከፍታ አየች፣ ዘጋችው፣ ከዚያ ዳኛውን ከእግር እስከ ራሱ አየችውና «እርስዎ እያሉ፣ ጋሼ?» ብቻ ብላ ሄደች።

ዳኛው ጣውላው ላይ ተቀመጠ። እሜቴ ለምን ግንባሯ ላይ በበረዶ የተሞላ ጨርቅ እንደያዘች መጥታ አጠገቡ ቁጭ አለች። እብጠቷ የዕንቁላል ግማሽ ያህላል።

«ጋሼ ፊሽካ።»

«አቤት።»

«ለዚህ ነው?»

«ምኑ?»

«በመንሸራተቻው አይወጣም ያልከው። ለዚህ ነው?»

«አዎ። ለዚህ ነው።»

ልጅቱ ጨርቁን ገልበጥ አድርጋ ቀዝቃዛውን ጎን ግንባሯ ላይ አደረገች። «ታዲያ ያኔ ስጠይቅህ ለምን እንዲህ አላልከኝም? እኔ እኮ ለምን እንደማይወጣ ለማየት ነው የወጣሁት።»

የዳኛው እጅ ወደ ፊሽካው ሄደ። ፊሽካው ግን አፉ ጋ አልደረሰም።

ማታ ቤት ሲገባ ነገሩን ለሚስቱ አወራት። ሲያወራም በነጠላ ጫማ መቀየሩን ረስቶ፣ አሸዋ ባዘለ ጫማው ከበሩ እስከ ወንበሩ ድረስ ተራምዶ ነበር። ሚስቱ ወለሉን አየች፣ ጫማውን አየች።

«ስንት ጊዜ ነው ጫማ በር ላይ ይወልቃል ያልኩህ?»

«ረስቼው ነው።»

«ስንት ዓመት ሙሉ ይረሳል? ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ቤት እንዳይቆሽሽ ነዋ።»

«እሱማ በአፍህ ነው የምታውቀው።» ተነሥታ ወልወያውንና ባልዲውን አምጥታ እግሩ ሥር አስቀመጠችለት። «እንካ፣ አሁን በወገብህ እወቀው።»

ዳኛው ወለወለ። ወልወያው ባለፈ ቁጥር አሸዋው ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይሰደዳል እንጂ አይወጣም። ከስፌት መኪናው ሥር ጎንበስ ብሎ ሲጎትት ወገቡ ቀጭ አለ። ሲጨርስ ደረቱን ነፍቶ ወለሉን አየው፤ ያበራል። በዚያው ቅጽበት ሚስቱ ውጪ ወጥታ ኖሮ ጫማዋን ሳታወልቅ ገባች።

«ኧረ! ኧረ በሕግ! ጫማሽን!» ብሎ ጮኸ።

ሚስቱ እንደ ቆመች ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ዳኛውም ትንሽ ዘግይቶ ገባውና ባልዲውን እንደያዘ መሳቅ ጀመረ። ካገባት ጀምሮ የምታስፈራራበትን ሕግ የተረዳው ያን ዕለት ነው።

በማግሥቱ ዳኛው የዳኝነት ልብሱን አልለበሰም። አንድ ዕቃ የደቀቀ ጠመኔ ይዞ ልጆቹ ምሳ ሳይበሉ ቧንቧው ጋ ሰበሰባቸው። የራሱን መዳፍ ጠመኔው ውስጥ ነክሮ አሳያቸው።

«ይሄ ቆሻሻ ነው እንበል። እውነተኛው ቆሻሻ አይታይም፤ ይሄኛው እንዲታይ ነው። አሁን ከእኔ ጋር ተጨባበጡ፤ ከዚያ ሂዱና ተጫወቱ።»

ሁለት ሦስት ልጆች ጨበጡት። እነሱ ሌሎቹን ነኩ፤ ሌሎቹ በር ነኩ፣ ዥዋዥዌ ነኩ፣ አፍንጫቸውን ጎረጎሩ። ጥቂት ቆይቶ ሲጠሩ ግቢው ውስጥ ነጭ ያልነካው ነገር አልነበረም። ድቡልቡል ነጭ ጺም አብቅሏል። ርዕሰ መምህርቷ ለብቻዋ ክፍሏ ውስጥ ነበረች፣ ማንንም አልጨበጠችም፤ ቀሚሷ ላይ ግን ከኋላ በኩል ቁልጭ ያለ የትንሽ እጅ አሻራ ነበር።

«ማን ነው እዚያ የነካት?» አለ ዳኛው።

«ቆሻሻው ራሱ ሄዶ ነው!» አለ ድቡልቡል።

እሜቴ ለምን መዳፏን እየገለባበጠች አየች፤ ከዚያ ምሳ ዕቃዋን አየች። ምንም ሳትጠይቅ ወደ ቧንቧው ሄደች። የቀሩትም ተከተሏት። ከዚያ ቀን በኋላ ሳይታጠብ የተቀመጠ ልጅ ካለ ከወዲህ ከወዲያ «ነጭ ነህ! ነጭ ነህ!» ይባላል።

ዳኛው በዚህ ልቡ አበጠ። ልብ ሲያብጥ ደግሞ አደጋ አለው። የሸርተቴውን ነገር ለማስረዳት ሁለት የበሰሉ ቲማቲሞች ገዝቶ መጣ። አንዱን ከላይ ለቀቀው፤ ሌላኛውን በአሻንጉሊት መኪና ጭኖ በገመድ ከታች ወደ ላይ ጎተተው። መሐል ላይ ተላተሙ። ቲማቲሙ የዳኛው ሸሚዝና የፊት ተርታ የቆሙት ልጆች ላይ ተረጨ።

ልጆቹ የፈሰሰውን ቀይ እያዩ ዐይናቸው ፈጠጠ። ዳኛው «ገባቸው» አለ በሆዱ።

«ድገመው!» አለ ድቡልቡል።

በማግሥቱ ጠዋት ከየቤቱ ያልመጣ ቲማቲም አልነበረም። በኪስ የመጣ አለ፣ በቦርሳ ከደብተር ጋር ተጨፍልቆ የመጣ አለ። አንዲት ልጅ ቲማቲም አጥታ ዕንቁላል ይዛ መጥታለች። ርዕሰ መምህርቷ በሩ ላይ ቆማ ስትለቅም አረፈደች፤ ከሰዓት በኋላ የድቡልቡል እናት ልጇን ልትወስድ ስትመጣ «ጋሼ፣ ቤቴ ውስጥ የሚበላ ነገር አይተዉልኝም?» አለችው። ያን ጊዜ ግን ከንፈሯ ጫፍ ላይ ሳቅ ነበር።

የሆነ ሆኖ በመንሸራተቻው የሚወጣ ልጅ ጠፋ። የቲማቲሟን ዕጣ የፈለገ ማንም አልነበረም።

አንድ ከሰዓት ኳስ ሲያጫውታቸው ደግሞ እንዲህ ሆነ። ድቡልቡል ኳሱን በእጁ አንሥቶ ሲሮጥ ዳኛው ነፋበት።

«ለምን?» አለ ድቡልቡል። ጥያቄው እንደ ጉንፋን ከእሜቴ ለምን ወደ ሁሉም ተጋብቶ ነበር።

ዳኛው አፉን ከፈተ። ኳስ ለምን በእጅ አይነካም? ዕድሜውን ሙሉ በእጅ ለነካ ሁሉ ነፍቷል፤ ለምን እንደሆነ ግን ራሱን ጠይቆ አያውቅም። ኳሱ አያመው፣ እጁ አይቆሽሽ። ፊሽካውን አገላብጦ አየው።

«እኔ እንጃ!» አለ በመጨረሻ። «እንዲያውም እንየው። ዛሬ ሕግ የለም፤ እንደፈለጋችሁ ተጫወቱ። እኔ እዚህ ቁጭ ብያለሁ።»

የተነሣው ሆታ የጎረቤቱን ውሻ አስጮኸ። መጀመሪያ ሁሉም ኳሱ ላይ ወደቁ፤ ኳሱ ከልጆች ክምር ሥር ጠፋ። ከዚያ ድቡልቡል ይዞት ወጣና ሆዱ ላይ አጣብቆ፣ ሸሚዙን አውርዶበት፣ «ጎል ገባ!» አለ። «የቱ ጋ ነው ጎሉ?» ሲሉት «እኔ ነኝ ጎሉ» አለ። እሜቴ ለምን ነጠቀችውና ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጣበት መወዛወዝ ጀመረች። ሁለት ልጆች የጎሉን ድንጋዮች አንሥተው ቤት ሠሩባቸው። ሁሉም «አሸነፍኩ» ይላል፤ ተሸናፊ ግን የለም። ጥቂት ቆይቶ ሆታው ረገበ። አንዱ ጣቱን መጥባት ጀመረ፣ አንዷ መሬት ላይ ተኛች። ኳሱ ለብቻው አጥሩ ሥር ቆሟል፤ የሚፈልገው ጠፍቷል።

ድቡልቡል እግሩን እየጎተተ ዳኛው ጋ መጣ።

«ጋሼ ፊሽካ፣ አይጥምም።»

«ምኑ?»

«እኔ እንጃ። ማንም አይከለክለኝም፤ ደግሞም ማንም አያባርረኝም።»

እሜቴ ለምንም መጣች። «ሁሉም ሰው በእጁ ከያዘው ጨዋታ አይሆንም። ዕቃ መያዝ ነው የሚሆነው» አለች። «በእግር ሲሆን ያመልጣል። ሲያመልጥ ነው የሚሮጠው።»

ዳኛው አያት። የስንት ዓመት ሥራውን በአንድ ትንፋሽ ነገረችው።

«እንግዲያውስ» አለ፣ «ሕጉን እናንተ አውጡት። ግን ለእያንዳንዱ ለምን እንደሆነ መናገር አለባችሁ። ለምኑ ካልተገኘ ሕጉ ይጣላል።»

ሌሎቹ አስተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ሳቁበት። አንዷ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አለች። እውነትም መጀመሪያ የወጡት ሕጎች የሚያስቁ ነበሩ። «እኔ በየቀኑ በረኛ እሆናለሁ» አለ ድቡልቡል። ለምን ሲባል «ስለምፈልግ» አለ፤ ተጣለበት፣ አኮረፈ። «የሚያለቅስ ልጅ መጀመሪያ አልቅሶ ይጨርስ፣ ከዚያ ይናገር» አለ ያ በመጀመሪያው ቀን ሱሪው ላይ የሸናው ትንሽዬ። ለምን? «እያለቀሱ ሲናገሩ አይሰማም፤ እንደገና ያስደግሙሃል፤ እንደገና ያስለቅስሃል።» ይሄ በሙሉ ድምፅ አለፈ፤ ርዕሰ መምህርቷ የወላጆች ስብሰባ ላይም እንዲሠራ ተመኘች።

ከዚያ እሜቴ ለምን እጇን አነሣች።

«ጋሼ ፊሽካ ሰው ጆሮ አጠገብ አይነፋም።»

ዳኛው ደነገጠ። «እኔ? ለምን?» አለ።

ከአፉ ያመለጠውን ቃል ራሱ ሰማው። ልጅቱም ጊዜ አልሰጠችውም። ፊሽካውን ከአንገቱ ሳታወልቅ ሳብ አድርጋ፣ ጉንጯን ነፍታ፣ ከጆሮው ሥር ባላት ትንፋሽ ሁሉ ነፋችው። ዳኛው ከተቀመጠበት ጣውላ ላይ ወደ አሸዋው በጀርባው ወደቀ። እዚያ እንደተንጋለለ፣ ጆሮው ውስጥ ደወል እየተደወለ፣ ከበላዩ የተደረደሩትን ፊቶች አየ። ጥርሱ የወለቀው ፊት በጣም ቀርቦታል።

«ገባህ?» አለው።

«ገብቶኛል» አለ ዳኛው። «ይለፍ።»

ያ ዓመት እንዲህ አለፈ። ርዕሰ መምህርቷ ሌላ ሰው መፈለጓን ተወች። ዳኛው ክረምት ከበጋ በዚያ ግቢ ውስጥ ቆየ፤ የዕድሜ ልክ ልማድ በአንዴ አይለቅምና አንዳንዴ «በቃ ሕግ ነው» ማለት ያምረዋል፤ ሲለው ግን አንድ ትንሽ እጅ ቀስ ብላ ትነሣለች።

በአንደኛው የመውጫ ሰዓት አንድ አባት፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ መኪናውን አምጥቶ በሩ ላይ ገትሮ አቆመ። በሩ ላይ መኪና አይቆምም። አባትየው አዲስ ነው፤ ሁልጊዜ የምትመጣው ሚስቱ ነበረች። ከኋላው ሌሎች መኪናዎች ይጮኹ ጀመር። ዳኛው ሄዶ ሊናገር ሲል ልጆቹ ቀደሙት፤ በሩ ውስጥ ተደርድረው ቀና ብለው ሹፌሩን አዩት።

«እዚህ አይቆምም» አለችው እሜቴ ለምን።

«አንድ ደቂቃ ብቻ ነው ማሚዬ፤ ልጄን ይዤ ልሄድ ነው።»

«ለምን እንደማይቆም ታውቃለህ?»

ሹፌሩ ፈገግ አለ። «ሕግ ነዋ።»

ልጆቹ በአንድ ድምፅ «አይደለም!» አሉት። ድቡልቡል አዲስ ብቅ ያለች ጥርሱን እያሳየ ቀረበ። «መኪናህ ትልቅ ነው። እኛ ደግሞ አጭር ነን። እዚህ ከቆምክ እኛ ከኋላህ ስንወጣ የሚመጣው መኪና አያየንም። እኛም አናየውም። ከዚያ እንደ ቲማቲም ነው።»

«እንደ ምን?»

«ቲማቲም።»

የሹፌሩ ፈገግታ ጠፋ። ከመኪናው ከፍታ ላይ ሆኖ ወደ ኋላ መስታወቱ ተመለከተ፤ መስታወቱ ውስጥ መንገድ እንጂ አንድም የልጅ ራስ አይታይም። ከዚያ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ወደ ታች አየ፤ ከጎማው አጠገብ ሁሉም እዚያ ነበሩ። ማርሹን ያዘ።

«ገባኝ» አለ። «ልሄድ ነው፣ ወደዚያ ጥግ ላቆም ነው። ራቁልኝ።»

«ቆይ» አለች እሜቴ ለምን፣ እጇን አንሥታ። «ድገመው።»

«ምኑን?»

«ለምን እንደማይቆም። በራስህ አፍ።»

ከኋላ ያለው ጥሩንባ ግቢውን አነቃነቀው። ሹፌሩ ርዳታ ፍለጋ በልጆቹ አናት ላይ አሻግሮ ዳኛውን አየ። ዳኛው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ በሩን ተደግፎ ቆሟል፤ «በቃ ሕግ ነው» ማለት ምላሱ ጫፍ ላይ አሳከከው፤ ግን ዋጠውና በአገጩ ወደ ልጅቱ አመለከተ።

ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ቆቡን አወለቀ፤ ከዚያ «እናንተ አጭር ስለሆናችሁ...» ብሎ ጀመረ።